ለባዮሎጂ አስጠኚያችን ምስጋና፣ አስጠኚ ለምትፈልጉም ጥቆማ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። ሴልና ዘር ውርስ ላይ የሚምታታበት ተማሪ ያላችሁ ሁሉ እኚህን ሰው ሞክሯቸው፤ አድራሻቸውን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ።

ሽምደዳ አይወዱም። ማይቶሲስን (አንድ ሴል ራሱን የመሰሉ ሁለት ሴሎች የሚሆንበትን ክፍፍል) እና ሚዮሲስን (የዘር ሴሎች የሚሠሩበትን ክፍፍል) የሚያስረዱት በክር ነው፤ ቀዩ ከአባት፣ ሰማያዊው ከእናት የመጣ ክሮሞሶም (ዲኤንኤ የያዘ ክር መሰል የሴል ክፍል) መሆኑ ነው። ዲኤንኤው ተባዛ ሲባል እያንዳንዱ ክር ሁለት ሁለት ይሆንና መሀሉ ላይ፣ ሲጫኑት በሚገጥም ሲስቡት ለሁለት በሚላቀቅ የልብስ ቁልፍ ይያያዛል። «አሁን ስንት ክሮሞሶም አለ?» ይላሉ። ተማሪው ክሩን ቆጥሮ «አራት» ይላል። «ክሩን ተወው፣ ቁልፉን ቁጠር!» ሁለት ነው። ፈተና ላይ ማርክ የሚያስጥለውም ይኸው ነው፤ የሰው ሴል ዲኤንኤውን ካባዛ በኋላ ክሮማቲዱ (ክሩ) 92 ቢደርስም ክሮሞሶሙ (በቁልፉ የሚቆጠረው) ያው 46 ነው። በማይቶሲስ ቁልፉ ይላቀቃል። በመጀመሪያው የሚዮሲስ ክፍፍል ግን ቁልፉ ሳይነካ ቀዩ ከሰማያዊው ይለያል፤ 46ቱ ወደ 23 የሚወርደው እዚህ እንጂ በሁለተኛው ክፍፍል አይደለም። ክሮሲንግ ኦቨርን (የአባትና የእናት ጥንድ ክሮሞሶሞች ቁራሽ መለዋወጣቸውን) ሳይቀር የክሩን ጫፍ ቆርጠው አቀያይረው በመቋጠር ያሳያሉ።

ዘር ውርስ ላይ ሁለት ሳንቲም ያስወረውራሉ። ሁለቱም ወላጆች የአንድ ሪሴሲቭ በሽታ (ጂኑ ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ የማይታይ በሽታ) ተሸካሚ ሲሆኑ «ከአራት ልጅ አንዱ የግድ ይታመማል» ለሚል ተማሪ መድኃኒቱ ይሄ ነው። አንዱ ሳንቲም የአባት፣ ሌላው የእናት ነው፤ ጎፈሩ የበሽታው ጂን ስለሆነ ሁለቱም ጎፈር ከወጡ የታመመ ልጅ ነው፤ አራት ጊዜ ተወርውሮ አንዴም ላይወጣ ይችላል፣ ዕድሉም 32 በመቶ ገደማ ነው። ሦስቱ ጤነኛ ሆነው መወለዳቸው የአራተኛውን 25 በመቶ አይለውጠውም። የዘር ውርስ ሕግን ያገኘው ሜንዴልም የ3 ለ 1 ጥምርታን ያገኘው በአራት ፍሬ ሳይሆን 5,474 ክብና 1,850 የተጨማደደ አተር ቆጥሮ ነው።

ፊዚዮሎጂ ላይ ትንሽ ይፈጥናሉ፤ አስቁሟቸው። በተለይ ነርቭ ላይ፦ በነርቭ ሴሉ ሽፋን ላይ ያለው ፓምፕ 3 ሶዲየም አስወጥቶ 2 ፖታሲየም እንደሚያስገባ ሁሉም ይወጣዋል፤ የነርቩን መልእክት የሚያስነሳው ግን የሶዲየም ቻናሎች (ሶዲየም የሚያስገቡ የሽፋኑ በሮች) መከፈት እንጂ ፓምፑ አለመሆኑ ብዙዎችን ያስታል።

መጀመሪያ ቀን የታረመ የፈተና ወረቀት ያዙ፤ ስህተቱን እንዳትፍቁት፣ የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው የሚመጣ ተማሪ ግን አይቀበሉም።