ድርጭት ለማስፈልፈል ብር ልትልኩ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው 19,500 ብር ከሄደብኝ በኋላ ነው። ብሩ እንደማይመለስ አውቄ ትቼዋለሁ። ነገር ግን ያው ማስታወቂያ አሁንም ቴሌግራም ላይ ይዞራል፤ ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ «ይሄ ነገር ያዋጣል እንዴ?» ብላ ስትልክልኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ የተጀመረው ጥር ላይ ነው። አንድ ቪዲዮ አየሁ። ሰውየው ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ባለ ሦስት ደርብ የሽቦ ቤት አቁሟል፤ ከሥሩ ዥጉርጉር እንቁላል እየለቀመ ይቆጥራል። «ሻይ ሳልጠጣ የቀን ወጪዬን ለቅሜ እጨርሳለሁ» ይላል። እኔም የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ በረንዳ አለኝ፤ ሻይም እጠጣለሁ። ደወልኩ።

«የኔ እናት፣ ፓኬጁን ነው የምትወስጂው» አለኝ። ፓኬጁ ማለት 60 «ፈርታይል» (ጫጩት የሚወጣው) እንቁላል፣ አንድ የመፈልፈያ ማሽን፣ የጫጩት ውኃ መጠጫ፣ አንድ ጆንያ መኖ፣ የአንድ ሰዓት የስልክ ሥልጠና ነው። ከዚያ ደግሞ ዋናው ማባበያ፦ «የሚጥሉትን እንቁላል በሙሉ እኛው መልሰን እንገዛሻለን።» ዋጋው 17,000። ደረሰኝ ስጠይቀው «እህቴ፣ በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይለያል» አለኝ። እዚህ ጋ መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም፤ በቴሌብር ላክሁ። ዕቃው በማግስቱ በሚኒባስ መጣ።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለእርባታ የሚሸጠው የጃፓን ድርጭት የሚባለው ነው፤ እንቁላሉ ለመፈልፈል 17 ወይም 18 ቀን ይወስዳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበትን ዕቃ መልሶ ለማስለወጥ ወይም ገንዘብ ለማስመለስ የሚሰጠው ጊዜ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ 15 ቀን ነው። አያችሁ? እንቁላሉ ባዶ መሆኑን ጫጩት ባለመውጣቱ ልታውቁ ከጠበቃችሁ፣ ቀኑ አልፎባችኋል። ሰውየው በሥልጠናው ላይ ደጋግሞ «እንቁላሉ ላይ ብርሃን እንዳታበሪ፤ ጽንሱ ይደነግጣል፤ 18 ቀን ብቻ ታገሺ» ያለኝ ለጽንሱ አዝኖ አይደለም። እኔም ጨዋ ልጅ ነኝና ታገሥኩ።

ብርሃን አታብሪ የሚባለው ነጭ ውሸት ነው። በ7ኛው ቀን ማታ ክፍሉን አጨልሙና እንቁላሉን በሰፊው ጫፉ በኩል ጠንካራ ባትሪ ላይ አስቀምጡት። የስልክ ባትሪም ይሠራል፤ ብርሃኑ በጎን እንዳያመልጥ ካርቶን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አብጅታችሁ እዚያ ላይ ማኖር ነው። የድርጭት ቅርፊት ነጠብጣብ ስለሚበዛው ከዶሮ እንቁላል ይልቅ ያስቸግራል፤ ቢሆንም ሕይወት ያለው እንቁላል ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮችና መሀል ላይ ጠቆር ያለ ነገር ይታያል። ባዶው ከዳር እስከ ዳር ወለል ብሎ ቢጫ ያበራል። አንዱ ካጠራጠራችሁ በ10ኛው ቀን ድገሙት። ቪዲዮ ቅረጹ፤ ሻጩ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ማለቱ አይቀርምና መቼ እንዳያችሁት ይታወቅ።

እኔ ይህን ያደረግሁት በ19ኛው ቀን፣ ከረፈደ ነው። ከ60ው 41 ባዶ፤ 8 ውስጥ ሞተው የቀሩ፤ 11 የተፈለፈሉ። 41 እንቁላል የሙቀት ችግር ብቻ አያመጣውም። ማሽን ሲበላሽ ጽንስ ይሞታል፤ የሞተ ጽንስ ደግሞ ቢያንስ የደም ቀለበት ወይም ጥቁር ነገር ይተዋል። ምንም ያልጀመረ እንቁላል በአብዛኛው ወንድ ያላየ ወይም የቆየ ነው። ለምግብ የሚሸጠው እንቁላል ወንድ ከሌለበት ቤት ይመጣል፤ ለመፈልፈያ የሚሆነው ግን ለ3 ወይም ለ4 ሴት አንድ ወንድ ካለበት ቤት መምጣት አለበት። ቀኑም ወሳኝ ነው። ከተጣለ ከሳምንት ከ10 ቀን በላይ የቆየ እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ እየወረደ ይሄዳል። የእኔዎቹ ታጥበው ያብለጨልጩ ነበር፤ እኔም ሞኟ «እንዴት ንጹሕ ናቸው» ብዬ ደስ አለኝ። ሲታጠብ እኮ ጀርም የሚከለክለው ስስ ሽፋን አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ሙሉውን ከመግዛታችሁ በፊት 10 ብቻ ግዙ። 4ቱን ለቁርስ ሰብራችሁ አስኳሉ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ እዩ። በዙሪያዋ ጥርት ያለ ክብ ቀለበት ካላት ወንድ አይቶታል፤ ቅርጽ የለሽ የተጨመደደች ነጭ ነጥብ ብቻ ከሆነች አላየውም። አራቱም ቀለበት ከሌላቸው ቀሪዎቹንም ጥበሷቸው፤ ቢያንስ ቁርስ ይሆናሉ።

ወደ ማሽኑ ልምጣ። ሰሌዳው ቀኑን ሙሉ 37.8 ይላል። ደስ ሲል! አንድ ቀን ክዳኑን ከፍቼ ውኃ ስጨምር ስልክ ተደወለልኝ፤ አውርቼ ስመለስ ክዳኑ እንደተከፈተ ነው፤ ቁጥሩ አሁንም 37.8። ያኔ የልጄን የትኩሳት መለኪያ አምጥቼ እንቁላሎቹ መሀል አስገባሁት፤ 36.3 አነበበ። ማራገቢያ ላለው ማሽን የሚፈለገው 37.5 አካባቢ ነው። አንድ ዲግሪ ምን አላት እንዳትሉ፤ ሙቀቱ ቀኑን ሙሉ ከዚያ በታች ሲሆን መፈልፈሉ ይዘገያል፤ የሚወጣውም ደካማ ይሆናል። ከፋርማሲ የሚገዛው ተራ የትኩሳት መለኪያ ከማሽኑ ሰሌዳ ይልቅ ይታመናል። እንቁላል ከማስገባታችሁ በፊት ባዶውን ማሽን አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት አስነሥታችሁ በየማዕዘኑ ለኩ። ይህ ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ የሚታወቅ ጉድለት ነው።

የእንቁላል መደርደሪያውም የዶሮ ነው። የድርጭት እንቁላል ከ10 እስከ 12 ግራም ቢሆን ነው፤ የዶሮ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ሎሚ ይንከባለላል እንጂ አይገለበጥም። በእጄ በቀን ሦስት ጊዜ እገለብጥ ነበር፤ እስከ 14ኛው ቀን፤ ከዚያ መገልበጥ ይቆማል፤ እርጥበቱ ወደ 65 እና 70 በመቶ ከፍ ይላል። የእርጥበት መለኪያ ግን ማሽኑ የለውም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ እንቁላል ቶሎ ውኃ ይተናል፤ ኦክስጅንም ይሳሳል። በቆላ የሚሠራ ማሽን እዚህ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህን ሥልጠናው ላይ ያነሣው የለም። መብራት ሲሄድ ምን ላድርግ ብዬ ስጠይቀውም «አይሄድም» አለኝ። አይሄድም! ሁለት ጊዜ ሄደ። ሁለቱንም ሌሊት በሃይላንድ ላስቲክ ሙቅ ውኃ እየሞላሁ፣ በጨርቅ እየጠቀለልኩ፣ በብርድ ልብስ ሸፍኜ አደርኩ።

ከወጡት 11 ጫጩቶች የመጀመሪያው ሌሊት 3ቱ ሞቱ፤ ሰጥመው። አንዱ ጫጩት 7 ግራም ያህል ነው፤ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ከፓኬጁ ጋር የመጣው መጠጫ ለዶሮ ጫጩት የተሠራ ስለሆነ ሳሕኑ ለእነሱ ሐይቅ ነው። የልጄን ብይ አጥቤ ውኃው ውስጥ ደረደርኩ፤ ከዚያ ወዲያ የሰጠመ የለም። 2ቱ ደግሞ ያነጠፍኩት ጋዜጣ ላይ እየተንሸራተቱ እግራቸው ወደ ጎን ተከፍቶ አልተረፉም። ሻካራ ጨርቅ አንጥፉ። 6 ቀሩ።

መኖውን ሳልረሳ፤ ጆንያው ላይ ጽሑፍ የለም። የዶሮ እርባታ ያለው የሥራ ባልደረባዬ አይቶት «ይሄ እኮ የሌየር መኖ ነው» አለኝ፤ ለምትጥል ዶሮ የሚሰጠው ማለት ነው፤ ፕሮቲኑ 16 እና 17 በመቶ ነው። የድርጭት ጫጩት ከ24 በመቶ በላይ ይፈልጋል፤ የካልሲየሙም ብዛት ለጫጩት አይሆንም። ስታርተር (የጫጩት መኖ) ገዝቼ ፍሬው ትልቅ ስለሆነባቸው በሙቀጫ ወቅጬ በወንፊት እየነፋሁ፣ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል እየፈረፈርኩ አሳደግኋቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ሳጥኑ 35 ዲግሪ አካባቢ፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ እየቀነሱ።

ስደውልለት መጀመሪያ አላነሣም። በባለቤቴ ስልክ ስደውል አነሣ። ተቆጣሁ፤ እሱ ግን ቀዝቀዝ ብሎ «እህቴ አትናደጂ፣ እክስሻለሁ፤ 10 የሦስት ሳምንት ሴት ድርጭት በግማሽ ዋጋ ውሰጂ» አለኝ። 2,500። ይህችንም ከፈልኩ። (ባለቤቴ ይህን አንቀጽ ሲያነብ እንደሚስቅ አውቃለሁ።) ከ10ሩ 8ቱ ወንዶች ነበሩ። በሦስት ሳምንታቸው ተራው ቡናማ ድርጭት በደረቱ ይለያል፤ የወንዱ ደረት ነጠብጣብ የሌለው፣ እንደ ሸክላ ምጣድ የቀላ ነው፤ የሴቷ ፈዘዝ ያለ ሆኖ ጥቋቁር ነጥቦች አሉበት። እኔ ሳጥኑን በምሽት፣ ሚኒባሱ አጠገብ፣ በችኮላ ነው የተቀበልኩት። ነጩ ዓይነት ከሆነ ግን በላባ አይለይምና «ሴት ነው» የሚላችሁን እስኪያድግ ድረስ አትመኑት። ስምንቱ ወንዶች ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ መጮኽ ጀመሩ። ከላይኛው ፎቅ ያሉት አባባ ወርደው አንኳኩና «ልጄ፣ ያቺ ወፍ ታማለች እንዴ?» አሉኝ።

አሁን ወደዚያ «መልሰን እንገዛለን» ወደሚለው። ሰውየው የላከልኝ ወረቀት ላይ 50 ሴት፣ በዓመት 300 እንቁላል፣ ድምሩ 15,000 ይላል። 300 የሚገኘው ምርጥ ዘር፣ ምርጥ መኖ፣ በቀን ከ14 ሰዓት የማያንስ ብርሃን ሲያገኙ ነው። የእኛ ቀን ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ማምሻውን አምፖል ማብራት አለ። አንድ ድርጭት በቀን ከ20 እስከ 25 ግራም ትበላለች፤ 50 ሲሆኑ በዓመት 4 ኩንታል ገደማ መኖ ነው። ወረቀቱ ላይ መኖ የሚል ቃል የለም፤ ጾም የሚልም የለም። የእኔዎቹ ሴቶች የመጀመሪያ እንቁላላቸውን የጣሉት ሁዳዴ መሀል ነው። «መልሰህ ግዛኝ» ብዬ ስጽፍለት «ከፋሲካ በኋላ» አለ። ከፋሲካ በኋላ ስልኩ ዝግ ነው።

ይህ አካሄድ አዲስ አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ በፈረንጆቹ 2013 እና 2014 ድርጭት የማርባት ወረርሽኝ ነበረባት። እንቁላሉ ከባድ ዋጋ ያወጣ ነበር፤ ዋናው ገዢ ግን ሌላ ማርባት የሚፈልግ ሰው ነበር። ሁሉም አርቢ ሲሆን የሚበላ ጠፋ፤ ዋጋው ወደቀ፤ ብዙ ሰው ከነወፉ ቀረ። እዚህም ሲሸጥ የማየው ፓኬጅ እንጂ እንቁላል አይደለም። በየሰፈራችሁ ሱቅ ግቡና የድርጭት እንቁላል በሳምንት ስንት እንደሚሸጡ ጠይቁ። እኔ የጠየቅሁት ሦስት ሱቅ ነው፤ አንዱ ብቻ አለኝ አለ፤ እሱም የቆየ።

«ለስኳር፣ ለአስም፣ ለደም ማነስ መድኃኒት ነው» እያሉ መሸጥም አለ። እንቁላል ነው፤ ጥሩ ምግብ ነው፤ መድኃኒት ግን አይደለም። ኮሌስትሮሉ በግራም ሲሰላ ከዶሮ እንቁላል በእጥፍ ይበልጣል። ሰውየው ከዘጸአት ጠቅሶ «እስራኤል በበረሃ የበሉት» ይለኝ ነበር። ዘኍልቍ 11 ላይ ያው ድርጭት በልተው መቅሠፍት እንደመጣባቸው ግን አልጠቀሰልኝም።

ድርጭት ማርባት ክፉ ነገር ነው አላልኩም። ወፏ ቆንጆ ናት፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ትጥላለች፤ ቦታ አትፈልግም። ከራሱ ቤት የሚያረባ፣ ወንዱንና ሴቷን አብረው ቆመው የሚያሳያችሁ፣ እንቁላሉ ላይ የተጣለበትን ቀን በእርሳስ የሚጽፍላችሁ ሰው ካገኛችሁ ግዙ። ደረሰኝ ተቀበሉ። በ7ኛው ቀን ብርሃን አብሩ። ብዙው ባዶ ከሆነ ቪዲዮውንና ደረሰኙን ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ተመለሱ፤ እምቢ ካለ ወደ ንግድ ቢሮ ሂዱ። እኔ ሄጄ ነበር፤ የተቀበለችኝ ልጅ ትሑት ናት፤ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ደረሰኝ ይዘሻል?» ብላ፣ ቀጥላ «መቼ ነው የገዛሽው?» ብላ ነው። ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም።

ወንዶቹን በልተናቸዋል። አሁን 5 ሴትና አንድ ወንድ ቀርተውኛል፤ ለቤት ይበቃሉ። የትኩሳት መለኪያዬን መዋስ የሚፈልግ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አውሳለሁ። ማሽኑን ስንት ትሸጪዋለሽ ያላችሁኝ ግን አልሸጠውም፤ በ36 ዲግሪ የድፎ ዳቦ ሊጥ ግሩም አድርጎ ያኮፍልኛል።