ኢስት ልግዛ ወይስ እርሾ ልለምን?

ባህር ዳር ገበያ አንዱ ሱቅ ገብታችሁ «እርሾ አለ?» ብትሉ ባለሱቁ የኢስት ፓኬት ያወጣላችኋል። ጎረቤት ሄዳችሁ ብትጠይቁ ደግሞ ከቡሃቃው የተቀዳ ቢጫ ውሃ በኩባያ ይሰጣችኋል። ስማቸው አንድ፣ ውስጣቸው ለየቅል።

ፓኬቱ ውስጥ ያለው ደርቆ የተኛ አንድ ዓይነት ፈንገስ ብቻ ነው። የጎረቤት እርሾ ውስጥ ግን ኢስትም አለ፣ የሚያኮመጥጥ ባክቴሪያም አለ፣ ተቀላቅለው ነው የሚኖሩት።

ታዲያ የኢስትና የባክቴሪያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? የኢስት ህዋስ ኒውክለስ፣ ማለትም ዘረመሉን የሚይዝ ከረጢት አለው፤ የዳቦው ኢስት ዘረመል ክሮሞዞም በሚባሉ 16 ክሮች ተከፋፍሎ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። በዚህ በኩል ከባክቴሪያ ይልቅ ለኛ ይቀርባል። ባክቴሪያ ኒውክለስ የሚባል ነገር የለውም፣ ዘረመሉ አብዛኛውን ጊዜ ቀለበት ሠርቶ ህዋሱ ውስጥ እንዲሁ ይቀመጣል። ኢስት ከ5 እስከ 10 ማይክሮ ሜትር (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ሲሆን ባክቴሪያ አብዛኛው 1 ወይም 2 ቢሆን ነው። የህዋሳቸው ግድግዳም ከተለያየ ነገር የተሠራ ነው። ፔኒሲሊን ባክቴሪያን ገድሎ ኢስትን ዝም የሚለው ለዚህ ነው።

አወላለዳቸው ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ኢስት ያቆጠቁጣል፦ ከእናትየዋ ጎን ትንሽ እብጠት ብቅ ትላለች፣ ታድጋለች፣ ኒውክለሱ ተከፍሎ ድርሻዋ ይደርሳታል፣ ከዚያ ትገነጠላለች፣ እናትየዋ ላይም ጠባሳ ይቀራል። እንዲህ ሃያ ምናምን ጊዜ ወልዳ ታረጃለች። ምግብ ሲጠፋ ደግሞ አራት ስፖር፣ ማለትም ችግር የሚችሉ ዘር መሰል ህዋሳት ሠርታ ክፉ ቀንን ታሳልፋለች። ባክቴሪያ እናትና ልጅ አያውቅም። ረዘም ይልና መሐሉ ላይ ግድግዳ ሠርቶ እኩል ለሁለት ይከፈላል፣ በቃ። ፈጣን የሚባለው ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ይከፈላል፣ ኢስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል። በስሌት ብቻ ካየነው በ6 ሰዓት ውስጥ አንዱ ኢስት 16 ሲሆን አንዱ ባክቴሪያ 262,144 ይሆናል ማለት ነው። የእርሾው ባክቴሪያ ይህን ያህል አይሮጥም፤ ቢሆንም ሚያዝያ ላይ ባህር ዳር ውስጥ ሊጥ ረስቶ ያደረ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዋል።

እኔ አንዴ እንግዳ መጣብኝና የጤፍ ሊጥ ላይ ኢስት በተን አደረግኩበት። በሦስት ሰዓት ውስጥ ኩፍ አለ፣ ዓይኑም አማረ። አከራዬ አንድ ጉርሻ ቀመሱና «ልጄ፣ ይኼ እኮ ቀጭን ዳቦ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ኢስት የሚሰጠው ጋዝ ነው፤ ኮምጣጣውን አሲድ የሚያመጣው ባክቴሪያው ነው። አሲዱ ሻጋታንም ስለሚያዘገይ የኔው እንጀራ ቶሎ ሻገተ።

ስለዚህ ለድፎና ለአምባሻ ኢስት ግዙ፣ ባትቸኩሉ ግን ድፎም በእርሾ ይጣፍጣል። ለእንጀራ እርሾ ለምኑና ሁለት ሦስት ቀን ታገሱ። ለእርጎ ሁለቱም አይሆኑም፤ ካልተፈላ እርጎ አንድ ማንኪያ ይበቃል። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ ጭራሽ ሕይወት የለውም፣ ባለሱቁ «ያው ነው» ቢላችሁም እንዳትሰሙት።

ኢስት ከገዛችሁ ቀኑን እዩ። ቤት ስትደርሱ ለብ ባለ ውሃ ከትንሽ ስኳር ጋር በጥብጡና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። አረፋ ካልደፈቀ ሞቷል፣ ዱቄታችሁን አታባክኑበት።