የእማዬ ፔስሜከር፦ ከ3 ዓመት በኋላ

ሰላም ናችሁ። እማዬ ፔስሜከር ካስገባች ዘንድሮ 3 ዓመት ሞላት። ሐኪሞቹ “ያስፈልጋታል” ያሉን ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ነው ያደርኩት፤ በአማርኛ ግን “የልብ ምት ማስተካከያ ነው” ከሚል ያለፈ ነገር አላገኘሁም። እንጀራ ስትጋግርስ? ስልክስ? ቦሌ ላይ ፍተሻውስ? ያኔ ላነበው የፈለግኩትን ዛሬ እኔው ልጻፈው። ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ቤታችን ያየነውንና ሐኪሞቿ የነገሩንን ነው፣ የእናንተን ደግሞ የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ነው። ነገሩ የጀመረው በሑዳዴ፣ ማዕድ ቤት ቆማ ሽሮ እያማሰለች ድንገት ስትወድቅ ነው። ወዲያው ነቃች፣ “ጾሙ ነው፣ ደህና ነኝ” አለች። የወሰድናት ክሊኒክም “ውሃ ጠጪ፣ ጾሙን ቀለል አድርጊ” ብሎ መለሳት። በሌላ ቀን ደግማ ወደቀች። በሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወደቀችና አምቡላንስ ተጠራ። ልቧ በደቂቃ 34 ጊዜ ብቻ ነበር የሚመታው። እባካችሁ፣ ወላጆቻችሁ በጾም ወራት ራሳቸውን ከሳቱ “ጾም ነው” ብላችሁ አትለፉት። ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚያሳይ ምርመራ) ይነሱ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሆስፒታል ውስጥ ያናደደኝ ነገር አስተርጓሚው ነው። በስልክ ነበር የሚያወራው፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ እናም “ልብሽ ውስጥ ማሽን ሊተክሉ ነው” ብሎ አረፈው። እማዬ “በማሽን ከምኖር የፈጣሪ ፈቃድ ይሁን” ብላ ሁለት ቀን እምቢ አለች። ያዳነን የማታ ፈረቃ የገባች አንዲት የአገራችን ልጅ፣ ነርስ ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና “እማማ፣ ልብዎ ደህና ነው። የመብራቱ መስመር ነው የተበላሸው፤ ከላይኛው ክፍል የሚነሳው ኤሌክትሪክ አንዳንዴ ታች ሳይደርስ ይቀራል። ይቺ ደግሞ ጄነሬተር ናት። መብራት ካለ ዝም ትላለች፣ ሲጠፋ ትነሳለች” አለቻት። እማዬ አዲስ አበባ ስንት ዓመት ከመብራት መጥፋት ጋር ኖራለች! ወዲያው ገባት። “ታዲያ እንዲህ አይሉኝም ነበር?” ብላ ፈረመች።

በኋላ ሳነብ ለካ የዚህ ዕቃ ታሪክም የሚነሳው ከመብራት መጥፋት ነው፣ ያውም እዚሁ እኛ ከተማ።

ሰውየው ኧርል ባከን ይባላል። እ.ኤ.አ. 1924 እዚሁ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ኮሎምቢያ ሃይትስ ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ልጅ ሳለ በ1931 የወጣውን የፍራንከንስታይንን ፊልም አይቶ፣ ሌሎቹ ልጆች ጭራቁን ሲፈሩ እሱ ያ ሕይወት የሚዘራው ኤሌክትሪክ ልቡን ሰረቀው። በ1949 ከሚስቱ እህት ባል ከፓልመር ኸርመንድስሊ ጋር አንድ ጋራዥ ውስጥ የሆስፒታል ዕቃ መጠገኛ ከፈቱ። ስሙን ሜድትሮኒክ አሉት። በመጀመሪያው ወር ያገኙት ገቢ 8 ዶላር ነበር።

በዚያን ጊዜ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ዋልተን ሊልሃይ የሕፃናትን ልብ ከፍቶ መጠገን ከጀመሩት ግንባር ቀደም ሐኪሞች አንዱ ነበር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የአንዳንዶቹ የልብ መስመር ይቋረጣል፤ ልክ እንደ እማዬ። ያኔ የነበረው ፔስሜከር ደግሞ ትልቅ ሳጥን ነው፣ ጋሪ ላይ ተጭኖ ግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካ። ሕፃኑ የሚንቀሳቀሰው ገመዱ እስከደረሰ ድረስ ብቻ ነው። በ1957 ኦክቶበር 31 ቀን ከተማው ላይ መብራት ጠፋ። ባከን ራሱ እንደሚተርከው በዚያ ምክንያት አንድ ሕፃን ሞተ፤ ሊልሃይም በማግስቱ ጠርቶት “በባትሪ የሚሠራ ልትሠራልኝ ትችላለህ?” አለው።

ባከን መጀመሪያ ያሰበው የመኪና ባትሪ ነበር። በኋላ ግን አንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ ያየውን የሜትሮኖም ሰርኪዩት (የኤሌክትሪክ መስመር ንድፍ) አስታወሰ፤ ሜትሮኖም ሙዚቀኞች ምት እንዳይስቱ “ቀጭ ቀጭ” እያለ የሚያስጠብቃቸው ዕቃ ነው። ያንን ሰርኪዩት ወስዶ ትንሽ አሻሻለና በእጅ የምትያዝ ሳጥን ውስጥ ከተተው። የፈጀበት አራት ሳምንት ገደማ ነው። ውሻ ላይ ተሞከረ፣ ሠራ። በማግስቱ ሆስፒታል ሲመለስ ዕቃው አንድ ሕፃን ላይ ተገጥሞ አገኘው። ሊልሃይ የተሻለ ነገር እያለ አንድም ልጅ ማጣት አልፈልግም ብሎ ነው። ዛሬ ቢሆን ፈቃዱ ብቻ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስቡት። ጥንቃቄው መኖሩ ጥሩ ነው፣ የማወራው እማዬ ደረት ውስጥ ስላለ ዕቃ ነውና። ግን ያንን ሕፃን ሳስብ ሊልሃይን መውቀስ አልችልም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሮጠ። በ1958 ስዊድን ውስጥ አርነ ላርሶን የተባለ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ፔስሜከር የተቀበረለት የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ያ ዕቃ በሰዓታት ውስጥ ቢበላሽም ሰውየው 26 ፔስሜከር እየቀያየረ እስከ 2001 ኖሯል፣ 86 ዓመት። አሜሪካ ውስጥ ዊልሰን ግሬትባች የሠራውን በሰውነት ውስጥ የሚቀበር ፔስሜከር የማምረት መብት ደግሞ በ1960 ሜድትሮኒክ ገዛ። የሚገርመው ዓለም ዕቃውን እየፈለገው ኩባንያው ሊከስር ጫፍ ደርሶ ነበር። ባከን የኩባንያውን ዓላማ በጽሑፍ ያሰፈረው ያኔ ነው፦ ሕመም ማስታገስ፣ ጤና መመለስ፣ ዕድሜ ማራዘም። በየዓመቱ በበዓል ሰሞን ታካሚዎች ፋብሪካ ድረስ እየመጡ ለሠራተኞቹ ታሪካቸውን እንዲናገሩም አደረገ። ሽቦ ስትበይድ የምትውል ሴት ያ ሽቦ ያዳነውን ሰው ፊት ለፊት ታየዋለች ማለት ነው። ከሰውየው ሥራ ሁሉ እኔን የነካኝ ይሄ ነው።

ወደ ዕቃው ልመለስ። የእማዬ መጠኑ የእጅ ሰዓት ፊት ያህል ነው፣ ከአንገቷ በታች በግራ በኩል ባለው አጥንት ሥር፣ ቆዳዋ ውስጥ ተቀምጧል። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በደም ሥር በኩል ልቧ ይደርሳሉ። ሥራው አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ፣ ቦታውን አደንዝዘው ነው እንጂ ሙሉ ማደንዘዣ አልወሰደችም። አንድ ሌሊት አደረች፣ ወጣች። ባትሪው እስከ 10 ዓመት ሊቆይ ይችላል ብለውናል። ሲያልቅ ሽቦው ባለበት ሆኖ ሳጥኑ ብቻ ይቀየራል።

የከበደው የመጀመሪያው ወር ተኩል ነው። ሽቦው ቦታውን እስኪይዝ ግራ እጇን ከትከሻዋ በላይ ማንሳት ክልክል ነበር። ነጠላዋን ማጣፋት እንኳ በእኛ እጅ ሆነ። ስግደት የለም። ቁስሉ እስኪደርቅ ውሃ እንዳይነካው ስለተባለ ጸበል መጠመቅም አልቻለችም፤ እሱ በጣም አሳዘናት፤ ቄሱ “መጠጣት ይበቃል” ብለው አጽናኗት።

ምጣዱ ምንም አላደረገም። የእኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሞቀው በውስጡ ባለው ሽቦ ስለሆነ እንደ ልቧ ትጋግራለች። ኢንዳክሽን ምድጃ (ድስቱን በማግኔት ኃይል የሚያሞቀው) ግን ሌላ ነው፣ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ራቂ ተብላለች። ሽሮ ስታማስል ግን መጎንበስ ልማዷ ነው፣ ስለዚህ አዲስ የገዛሁትን አውጥቼ የድሮውን መለስኩት። ቡናዋን አልከለከሏትም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ትልቁ ጭቅጭቃችን ስልኩ ነው። እናቶቻችን ስልክ የሚሸጉጡት የት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ደረታቸው ውስጥ! አዳዲሶቹ ስልኮች ማግኔት ስላላቸው ከዕቃው ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር መራቅ አለባቸው። እህቴ በአንገት የሚንጠለጠል ቦርሳ ብትገዛላት እሱም ደረቷ ላይ ነው የሚያርፈው። በመጨረሻ በወገብ የሚታሰር ሆነ።

ባለፈው ለእንቁጣጣሽ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። ቦሌ ላይ የፔስሜከር ካርዷን ስታሳይ ፈታሿ በእጅ ፈትሻ አሳለፈቻት። አልጋዋ አጠገብ የተቀመጠው መከታተያ ደግሞ ተኝታ ሳለ መረጃውን ለክሊኒኩ ይልካል፣ ስለዚህ በአካል የምትሄደው በዓመት አንዴ ነው።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛው የተሰጠን መጽሐፍ በአማርኛ አለመኖሩ ነው፤ በዚህ ከተማ ስንት ሐበሻ እያለ። ሁለተኛው ዋጋው። ኢንሹራንስ ባይኖራት ኖሮ ምን እናደርግ እንደነበር አላውቅም። ደግሞ ዕቃው አይበላሽም ብዬ እንዳላታልላችሁ፦ ሜድትሮኒክ ራሱ በ2007 ስፕሪንት ፊዴሊስ የተባለውን የዲፊብሪሌተር (የልብ ምት በአደገኛ ሁኔታ ሲዛባ በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል ዕቃ) ሽቦ እየተሰበረ ስላስቸገረ ከገበያ አንስቷል። ክትትሉን አታቋርጡ የሚሉት ለዚህ ነው።

ባለፈው በጋ እማዬን ባከን ወደ መሠረተው ሙዚየም ወሰድኳት፣ ብዴ ማካ ስካ ሐይቅ ዳር ያለው፣ ግቢው ውስጥ የመድኃኒት ዕፅዋት አትክልት አለ። የድሮዎቹን ፔስሜከሮች ስታይ “ይሄን ተሸክመው ነው?” አለችና ደረቷን ዳሰሰች። ስለ ሰውየው የነገርኳት እዚያ ነው። በ1989 ጡረታ ወጥቶ ሃዋይ ገባ፤ ዋይሜያ ለተባለች ከተማ በ1996 ሆስፒታል እንዲከፈት ብዙ ደከመ፣ የሕመምተኛው ክፍል ወደ አትክልት የሚከፈትበት፣ ዘመናዊውና ባህላዊው ሕክምና ጎን ለጎን የሚሰጥበት። በኋላ እሱም ፔስሜከር ተገጠመለት። በመሣሪያ ሕይወታቸው የተረፈ ሰዎችን ደግሞ “የተጨመረላችሁን ዕድሜ ምን ልታደርጉበት ነው?” እያለ ይጠይቅ ነበር፤ ለሌላው የሠሩትን የሚያግዝ ሽልማትም በስሙ ተቋቁሟል። በ2018 በ94 ዓመቱ አረፈ።

እማዬ መልስ ሳትሰጠኝ ቤት ደረስን። ማታ ቡና ላይ ነው የተናገረችው። አዲስ አበባ ሳለች አንዲት የሰፈሯ ሴት፣ በሽታዋ ልክ የእሷው፣ በእርዳታ የሚመጣ ፔስሜከር እስኪገኝ ወረፋ እየጠበቀች ነበር። “ታዲያ የእኔን እኔ ስሞት አፈር ሊበላው ነው?” አለችኝ። እዚህ አገር ያገለገለ ፔስሜከር ለሌላ ሰው መግጠም አይፈቀድም። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ግን ከሞቱ ሰዎች የወጡትን እየሰበሰበ፣ እያጸዳና እየፈተሸ፣ መግዛት ለማይችሉ በሌሎች አገሮች ለሚገኙ ሕመምተኞች የሚሆኑበትን መንገድ ሲያጠና ቆይቷል። ይህን ስነግራት “ጻፍልኝ” አለች። ጻፍኩላት፣ ፈረመች። ወረቀቱ መሳቢያዋ ውስጥ ከፓስፖርቷ ጋር ተቀምጧል፤ እህቴም የት እንዳለ ታውቃለች።