አሮጌ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ለማሠራት የተሞከሩ አገልግሎቶች፦ የትኛው ይሻላል?

ከውጭ ለእረፍት ስትመጡ ሻንጣ ውስጥ የከረመ የዩኤስቢ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክና የሙዚቃ መሣሪያ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ የድምፅ ዕቃ) ይዛችሁ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ማሠራት ካሰባችሁ ይህ አስተያየት ይጠቅማችኋል። ዕቃው ኤዲሮል ዩኤ-25 ነው፤ ላፕቶፑ ላይ ያለው ዊንዶውስ 11። ሁለት ጥገና ቤቶችና አንድ ስቱዲዮ ታይተዋል። ስም አልጠራም።

የመጀመሪያው ቤት ገና ዕቃውን ሳይሰካ «ፎርማት መደረግ አለበት» አለ። እዚህ ላይ ፎርማት ምንም አይፈይድም። ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ስለሆነ ለ32 ቢት የተጻፈ ድራይቨር (ዕቃን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) አይቀበልም፤ ፎርማት ሲደረግም ተመልሶ የሚጫነው ያው ዊንዶውስ ነው። ቀጥሎ ኤኤስአይኦ ፎር ኦል የሚባል ፕሮግራም ጭኖ «ድራይቨሩ ይኸው» አለ። ይህ ፕሮግራም ግን ዊንዶውስ ቀድሞ ያወቀውን ዕቃ ለቀረጻ ሶፍትዌሮች ከማቅረብ ያለፈ ሥራ የለውም። ዊንዶውስ ያላየውን ዕቃ እሱም አያይም። ለዚህ ቤት ከአምስት አንድ ኮከብ፤ እሱም ዕቃውን ሳይከፍት ስለመለሰ ነው።

ሁለተኛው ቤት መጀመሪያ የከፈተው ዲቫይስ ማናጀርን፣ የተሰኩ ዕቃዎችንና ችግራቸውን በኮድ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ገጽ ነው። ባለሙያ ከዚህ ይለያል። ኮድ 28 ከታየ ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ኮድ 52 ከሆነ ድራይቨሩ አለ፣ ዲጂታል ፊርማው ግን አልተረጋገጠም። ኮድ 43 ሲሆን ዕቃው ራሱ ችግር አለብኝ ስላለ ዊንዶውስ አቁሞታል። «ዲቫይስ ዲስክሪፕተር ሪኩዌስት ፌይልድ» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ደግሞ ድራይቨር ፍለጋ መድከም አያስፈልግም፤ ኬብሉን፣ መሰኪያውን ወይም ዕቃውን መመርመር ነው። ባለሙያው ኬብሉን ከቀየረ በኋላ ላፕቶፑን ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ካለበት ፍላሽ አስነሣው። ዲስኩ ላይ ምንም አይጫንም። ሊኑክስ ብዙ አሮጌ ኢንተርፌሶችን ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ስለሚያውቅ፣ እዚያ ድምፅ ከወጣ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የዊንዶውስ ብቻ ነው። ድምፅም ወጣ።

መፍትሔው የተገኘው ዕቃው ላይ ካለች «አድቫንስ» ከምትል ትንሽ ማብሪያ ነው። ስትበራ የፋብሪካውን ድራይቨር ትፈልጋለች፤ ስትጠፋ ዕቃው ዊንዶውስ ውስጥ ባለው መደበኛ የድምፅ ድራይቨር ይሠራል። ማብሪያዋን ማንሸራተት ብቻውን ግን አይበቃም። ዕቃው አቀማመጧን የሚያነበው ኃይል ሲያገኝ ስለሆነ ሶፍትዌሩን ዘግቶ፣ ኬብሉን ነቅሎ፣ ጥቂት ቆይቶ መልሶ መሰካት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ነው «ሞቷል» ብሎ የሚያስቀምጠው። በዚህ አሠራር ቀረጻው 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ ላይ ይወሰናል። ለንግግር፣ ለመዝሙርና ካሴት ለመገልበጥ ከበቂ በላይ ነው። ኤኤስአይኦ ፎር ኦልም ቦታው እዚህ ነው፤ አሁን ዊንዶውስ ዕቃውን አውቆታልና።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ይኸው ቤት ከ16 ቢት የጠራውን የ24 ቢት ቀረጻ ለማግኘት የድራይቨር ፊርማ ቁጥጥሩንና «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» የተባለውን መከላከያ አጥፍቶ አሮጌውን ድራይቨር በግድ ለመጫን አማራጭ አቅርቦ ነበር። የባንክ ሥራ በምትሠሩበት ኮምፒውተር ላይ እሺ አትበሉ።

ከዚያ በኋላ የቀሩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፣ ግን እነሱም ያደናቅፋሉ። ዊንዶውስ ለፕሮግራሞች የማይክ ፈቃድ ከከለከለ የምትቀዱት ዝምታ ነው። በዊንዶውስ የድምፅ ሴቲንግና በቀረጻ ሶፍትዌሩ ያለው የናሙና ድግግሞሽ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ሁለቱም ጋ 44.1 ኪሎኸርዝ መሆን አለበት። በፈር (ድምፁ ከመሠራቱ በፊት ለአፍታ የሚጠራቀምበት ቦታ) 256 ሳምፕል ሲሆን መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ ወደ 5.8 ሚሊሰከንድ ነው፤ ድምፁ ከተንጣጣ ወደ 512 ከፍ ማድረግ። የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ስለሆነና ለማይክ የሚላከው ባለ 48 ቮልት ፋንተም ፓወርም ከዚያው ስለሚቀነስ፣ ርካሽ ሃብ (አንዱን የዩኤስቢ መሰኪያ ወደ ብዙ የሚያበዛ) ላይ ዕቃው እየጠፋ ይመጣል። በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ፣ ካልሆነም የራሱ ኃይል ባለው ሃብ ላይ ይሰካ። የዩኤስቢ ኃይል ቆጣቢውም ከፓወር ሴቲንግ ይጥፋ። አራት ኮከብ።

ስቱዲዮው ሌላ መንገድ ነው የመረጠው። ኢንተርኔት የማይገናኝ፣ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ያለበት ላፕቶፕ ለእንዲህ ዓይነት ዕቃዎች ብቻ አስቀምጧል። እንደ «አድቫንስ» ያለ ማብሪያ ለሌላቸውና ያለ ፋብሪካው ድራይቨር ጨርሶ ለማይሠሩ ኢንተርፌሶች ከዚህ የተሻለ አላየሁም። እዚያው ቀድቶ ፋይሉን በፍላሽ መውሰድ ነው። የአፕል ቺፕ ያለው ማክ ለያዘ ሰውም ይህ ይሻላል፤ ለኢንቴል ማክ የተጻፈ የከርነል (የሲስተሙ እምብርት ውስጥ የሚሠራ) ድራይቨር እዚያ ላይ አይሠራም። አምስት ኮከብ።

የትኛውም ቤት ብትሄዱ የራሳችሁን ማይክና ኬብል ያዙ። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊትም ፋንተሙን አብርታችሁ አሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ አስቀዱ፤ የኃይል እጥረት በመጀመሪያው ደቂቃ ላይታይ ይችላል።