ቁልፉን ያሳዩኝ አርታኢ

ድሬዎች፣ ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን፣ ለእናንተም ልጠቁም ነው። ልብ ወለድ ጽፋችሁ «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» የተባላችሁ ካላችሁ አንብቡልኝ።

እኔ ተብያለሁ። በ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ቤቱን ስላጣ የድሮ የባቡር ሠራተኛ 22 ገጽ ጻፍኩ። ለአንድ ውድድር ብልከው «ጭብጡ አይታወቅም» ተባልኩ። ተናደድኩ። ጎርፍ ነዋ! እንዴት አይታወቅም?

ጓደኛዬ ከዚራ ሰፈር ወደሚኖሩ አርታኢ ወሰደኝ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። «ጎርፉ ርዕሰ ጉዳይህ ነው። ጭብጥህ ግን ስለ ጎርፉ የምትለው ነው። ታዲያ ምን አልክ?» አሉኝ። «ናፍቆት» አልኩ እንደምንም። «እሱ አንድ ቃል ነው። ማሰሪያ አንቀጽ ያለው ዓረፍተ ነገር አምጣ።»

በሳምንቱ ስመለስ ወረቀቴ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። ስህተት መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ የከበቡት አንድ ቃል ነው፤ ቁልፍ። ሰባት ቦታ! ሰውየው ሲነጋ ኪሱን ይዳብሳል። ሸሚዙ ሊታጠብ ሲል መጀመሪያ ቁልፉን ያወጣል። እኔው ጽፌው እኔው አላየሁትም።

«በሩን ጎርፍ ወስዶታል። ታዲያ በዚህ ቁልፍ ምን ይከፍታል?»

ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ ላይ። መጀመሪያ ምን ፈለገ? መጨረሻ ላይ ምን መረጠ? ምርጫው ምን አሳጣው? ልጁ ሳቢያን ሰፈር አብሯት እንዲኖር ስትለምነው «በልጄ ቤት እንግዳ አልሆንም» ብሎ ያኮርፋታል። ይሄኔ ዓረፍተ ነገሩ መጣልኝ፤ ቤቱ የፈረሰበት ሰው አባወራነቱን በኪሱ ይዞ ይዞራል።

ደስ ብሎኝ ሰውየው ራሱ እንዲናገረው ላደርግ ስል ከለከሉኝ። «ዓረፍተ ነገሩ ለአንተ መንገድ መሪ ነው። አንባቢው ቁልፉን ይይ፣ ይበቃዋል።»

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ስለመግባቱ የጻፍኩት 3 ገጽ ግን ወጣ። እሳቸው አልሰረዙም፤ «ይሄ ከቁልፉ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ዝም አሉ። እኔው ሰረዝኩት። አባቴ ያወራልኝ ስለነበር አሞኛል።

ሐቁን ልንገራችሁ፣ ቀርፋፋ ናቸው። በቴሌግራም የተላከ አያነቡም፤ ታትሞ፣ በመስመሮቹ መሃል ሰፋ ያለ ቦታ ተትቶ መምጣት አለበት። ሂሳባቸው በገጽ ነው፣ አይጎዳም። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ከምሳ በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ግን እንዳትደውሉ። ድሬ ነው፣ ይገባችኋል አቦ።