አባዬን ከፎጣ ለገላገለችው ፋርማሲስት

የፓርኪንሰን ሕመም ሲባል ሁሉም የሚያነሳው መንቀጥቀጡን ነው፤ ስለ ለሃጩ የሚያወራ የለም። አባዬን ግን ያሳፈረው እሱ ነበር። ሌሊት ትራሱ ይርሳል፣ የሸሚዙ ኮሌታ አይደርቅም፣ እንግዳ ሲመጣ ፎጣውን አፉ ላይ ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር።

ሐኪሙ ምራቅ የሚቀንስ መድኃኒት አዘዘለት። ማዘዣውን የተቀበለችን ፋርማሲስት ወጣት ናት፣ ግን ምራቋን የዋጠች። እኔን ትታ አባዬን ራሱን ጠየቀችው፦ «አባባ፣ ሽንት ያስቸግርዎታል? ሆድዎ ይደርቃል? ግላኮማ የሚባል የዓይን ሕመም አለብዎት ተብለው ያውቃሉ?» ንግግሩ ስለሚጎተት ሰው ሁሉ ከአፉ ይነጥቀዋል። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችው። እኔ ልመልስለት ስል በእጇ ምልክት ዝም አሰኘችኝ (አልተቀየምኳትም)።

የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ አይታ ሐኪሙ ጋ ደወለች። የታዘዘው ወደ አንጎል የሚገባ ዓይነት ስለነበር አዛውንትን ሊያቃዥና ሊያደናግር ይችላል ብላ ተነጋገሩና፣ ወደ አንጎል እምብዛም በማይዘልቀው በግላይኮፒሮሌት ተለወጠ። በትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ ጨመረ። በባዶ ሆድ እንዲወስደው ነገረችን፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ከሆነ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም።

እስከዚያ ድረስ ምራቁ የበዛ ይመስለን ነበር። ለካ ጤነኛ ሰውም በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ያመነጫል፤ ሳያስበው ስለሚውጠው አይታወቀውም። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው መዋጡ ስለሚዘገይ አፉ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም ብላ የመዋጥ ልምምድ የሚያሠራ ባለሙያ እንድናይ መከረችን። ኪኒኑ ካልተስማማውም የምራቅ ዕጢ ላይ የሚወጋ ቦቶክስ የሚባል መድኃኒት አለ፣ ለሦስት ወር ገደማ ያገለግላል አለችን። እስካሁን አላስፈለገንም።

ለሃጩ ጨርሶ አልጠፋም። ሆድ ድርቀቱም እንዳስጠነቀቀችን መጥቷል፣ አፉም ስለሚደርቅ ጥርሱን ተግተን እናስቦርሸዋለን። አባዬ ግን እንግዳ ሲመጣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያወራል፣ እንዲያውም ካልጨረስኩ አትሂዱ ይላል።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ፣ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ በሽተኛው የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ፣ ቫይታሚኑንም ሳይቀር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለዚያ መልሳ ትልካችኋለች።