ከስድስት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ፦ የአዲስ አበባ ሙዚየሞች በአንድ ቀን

በአዲስ አበባ በአንድ ቀን ሦስት ሙዚየሞችን በደንብ ማየት ይቻላል፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የኢትኖሎጂ (የሕዝቦች ባህልና አኗኗር) ሙዚየም፣ ብሔራዊ ሙዚየምንና የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምን። አራተኛ ሲጨመር ዓይንም እግርም ይደክማል፤ የመጨረሻውም በሩጫ ያልፋል። ቅደም ተከተሉ ደግሞ ከምርጫው እኩል ዋጋ አለው። ጠዋት ስድስት ኪሎ ጀምሩና ቁልቁል ውረዱ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ ሽቅብ መውጣት ከቆላ የመጣን እንግዳ ገና በጠዋቱ ትንፋሽ ያሳጥረዋል።

ስድስት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ከሦስቱ ይበልጣል። ጊዜ ያነሰው ሰው ሌላውን ትቶ እሱን ይይ። የግቢው በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ቦርሳም ይፈተሻል፤ ስለዚህ ትልቅ ሻንጣ ይዞ መሄድ ችግር ነው። ሕንጻው ራሱ ዕቃ ከመያዙ በፊት ታሪክ ነው፤ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የተጨፈጨፉት ወገኖች ሐውልት ከበሩ ውጭ አደባባዩ ላይ ቆሟል። የሐውልቱን የነሐስ ምስሎች ዞር ብሎ አይቶ መግባት ይሻላል፤ ውስጥ የሚታየው ሁሉ ሌላ ክብደት ያገኛል።

ከሕንጻው ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች የፋሺስት አገዛዝን ዓመታት ለመቁጠር፣ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ብለው የሠሩት ነው። አሁን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ብዙ ሰው ፎቶ ተነሥቶበት ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያልፋል።

ውስጥ ያለው አደረጃጀት የሚመሰገን ነው። ብሔር በብሔር ከፋፍሎ ከመደርደር ይልቅ የሰውን ዕድሜ ይከተላል፦ ልደትና ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ከዚያ ሞትና መቃብር። የአንዱ አካባቢ ሕፃን መታዘያ ከሌላው ጎን ሲታይ ልዩነቱም ዝምድናውም በአንድ ጊዜ ይገባል። የንጉሠ ነገሥቱ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍልም እንዳለ ነው። መስተዋቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ የጥይት ቀዳዳ አለበት፣ ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር የቀረ ነው። ሥዕልና መስቀሉ ጋ ሳትደርሱ ጉልበታችሁን አትጨርሱ። የሙዚቃ መሣሪያዎቹም አሉ፤ ባለአንድ ክር ማሲንቆና ባለዐሥር አውታር በገና ጎን ለጎን ማየት ለልጆች ጥሩ ትምህርት ነው። ለዚህ ሙዚየም ሁለት ሰዓት ተኩል መድቡ።

ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ ሩብ ሰዓት ገደማ በእግር ቁልቁል ሲወረድ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ውረዱ፤ የተማሪ ቡድን ከገባ ክፍሉ ይጨናነቃል። ድንቅነሽ (ሉሲ) አንዴ ተጋድማ፣ አንዴ ቆማ ትታያለች። የሚታየው ቅጂ ነው፤ ዋናው አጽም የሚቀመጠው ለብቻው ተቆልፎበት ነው። በዚህ ማዘን አያስፈልግም፤ ቅጂው ሁሉን ያሳያል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ስትገኝ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ነበር። ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ልጅ ትመስላለች፤ ግን የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሶቿ በቅለዋል፣ አዋቂ ናት። ዳሌዋ አጭርና ሰፊ መሆኑን፣ የጭኗ አጥንት ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ማዘንበሉን እዩ። በሁለት እግር መሄዷ የታወቀው ከዚህ ነው። እዚያው አፋር ዲኪካ የተገኘችውን ሕፃን ሰላምን ብዙዎች «የሉሲ ልጅ» ይሏታል። ስሕተት ነው፤ ሰላም 3.3 ሚሊዮን፣ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ናቸውና ታላቋ ሕፃኗ ነች።

ላይ ያሉት ፎቆች ቶሎ ይታያሉ። የአክሱምና የቅድመ አክሱም ድንጋዮች ማብራሪያቸው አጭር ስለሆነ አስጎብኚ መያዝ ያዋጣል። የንጉሠ ነገሥቱን ትልቅ የእንጨት ዙፋን አትለፉ።

ምሳ አራት ኪሎና አምስት ኪሎ አካባቢ አይጠፋም፤ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ በየዓይነቱ ይጠብቃችኋል። ከዚያ ወደ ስታዲየም በሚሄድ ታክሲ መስቀል አደባባይ።

የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መግቢያው ነጻ ነው፤ ልገሳ ግን ይቀበላል፣ ስለዚህ ዝርዝር ብር ያዙ። ትንሽ ቤት ነው፤ አንድ ሰዓት ይበቃል። ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽም በመስታወት ውስጥ፣ የሟቾች ፎቶ ደግሞ ግድግዳ ሙሉ አለ፤ ብዙዎቹ የተማሪ ፊት ናቸው። ከአስጎብኚዎቹ መካከል ራሳቸው ታስረው የተረፉ ሰዎች ስላሉ ሲናገሩ አታቋርጧቸው፣ ስልካችሁንም ዝጉ። ትንንሽ ልጆችን ይዞ መግባት አይመከርም። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የጠላቶቹን ደም ለማፍሰስ ሲዝት ቀይ ፈሳሽ የሞላበትን ጠርሙስ የሰበረው በዚሁ አደባባይ ላይ ነበር፤ ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ ነው።

ቀን ስትመርጡ ከደመራ ቀንና ከታላቁ ሩጫ እሑድ ራቁ፤ አደባባዩ ይዘጋል። የካቲት 12ም ስድስት ኪሎ ላይ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ስላለ መንገድ ይያዛል። በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል የስድስት ኪሎውን ግቢ ጠዋት ማየቱ ለዚህም ይረዳል።